የዓሣ ዓይኗ ንግሥት ቤት፦ የማዱራይ የሚናክሺ ቤተ መቅደስ ታሪክና ኪነ ሕንፃ

በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ክፍለ ሀገር፣ በቫይጋይ ወንዝ ዳር የተቈረቈረችው የማዱራይ ከተማ እምብርት የሚናክሺ ቤተ መቅደስ ነው። ዋና ዋና ጐዳናዎቿ አንዱ ከሌላው ውጭ እየሆኑ ቤተ መቅደሱን በአራት ማዕዘን ይከቡታል፤ አዲ፣ ቺቲራይ፣ አቫኒ፣ ማሲ የተባሉት መጠሪያዎቻቸውም የታሚል ወራት ስሞች ናቸው። በታላላቅ በዓላት የአማልክቱ ሠረገላ በሕዝብ እጅ እየተጐተተ የሚዞረው በእነዚሁ ጐዳናዎች ነው። ከተማዋን በዚህ መልክ በ16ኛው መቶ ዘመን ያስተካከላት ቪሽዋናታ ናያክ የተባለው ገዢ ሲሆን፣ መመሪያ ያደረገውም የጥንቱን የሕንድ የግንባታ መጻሕፍት ደንብ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በብዙ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች እንስት አምላክ የምትታወቀው በባሏ ነው። በማዱራይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ማላያድዋጃ የተባለው የፓንዲያ ንጉሥና ሚስቱ ካንቻናማላይ ልጅ አጥተው የእሳት መሥዋዕት ባቀረቡ ጊዜ ከነበልባሉ ውስጥ ሦስት ጡት ያላት የሦስት ዓመት ሕፃን ወጣች። ሦስተኛው ጡት ባሏ የሚሆነውን ባየች ዕለት እንደሚጠፋ ከሰማይ ተነገራቸው። ንጉሡም ልጅቷን እንደ ወንድ አልጋ ወራሽ አሳደጋት፤ የጦር ትምህርት አስተማራት፤ አነገሣት። እርሷም ጦሯን አስከትላ ዓለሙን እየወጋች ሰሜን ድረስ ዘምታ በካይላሳ ተራራ ከሺቫ ፊት ስትደርስ ትንቢቱ ተፈጸመ። ሺቫ ሊያገባት ወደ ማዱራይ መጣ፤ ሱንዳሬሽዋራር፣ «መልከ መልካሙ ጌታ»፣ ተብሎም ከእርሷ ጋር ነገሠ። ሚናክሺ ማለት ዓይኗ እንደ ዓሣ የሆነ ማለት ነው፤ ዓሣ ደግሞ የፓንዲያ ነገሥታት ዓርማ ነበር።

ይህ ተረት በሥርዓቱ ውስጥ ዛሬም ይሠራል። ምእመናን መጀመሪያ የሚሳለሙት ሚናክሺን፣ ቀጥለውም ሱንዳሬሽዋራርን ነው። ሌሊት ሌሊት የእርሱ እግር ምሳሌ በቃሬዛ ተይዞ ወደ እርሷ እልፍኝ ይወሰዳል፤ ሄያጁ እርሱ ነው። በየዓመቱ በቺቲራይ በዓል ዘውድ ተደፍቶላት በትረ መንግሥት ትጨብጥና አራት ወር ትገዛለች፤ ቀሪው ስምንት ወር የእርሱ ነው። ታሚሎች ስለ አንድ ትዳር ሲጠያየቁ «ማዱራይ ነው ወይስ ቺዳምባራም?» ይላሉ ይባላል። ቺዳምባራም የሺቫ ታላቅ ቤተ መቅደስ ያለበት ሌላ ከተማ ስለ ሆነ፣ ጥያቄው በቤቱ የሚያዝዘው ማን ነው ማለት ነው።

የፓንዲያ መንግሥት ጥንታዊነት በውጭ አገር ሰዎችም የተመሰከረ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ሕንድ የተላከው ግሪካዊ መልእክተኛ ሜጋስቴኔስ በደቡብ የነገሠች ፓንዳያ የተባለች ሴት ታሪክ ሰምቶ ጽፏል። በመጀመሪያው መቶ ዘመን የተጻፈውና ስለ አዱሊስ ወደብ በሚሰጠው ምስክርነት ለእኛ አገር ታሪክ ዋና ምንጭ የሆነው የኤርትራ ባሕር መርከበኞች መጽሐፍም የፓንዲያን ንጉሥና የቃሪያ በርበሬ ሳይሆን የቁንዶ በርበሬ ንግዱን ይጠቅሳል። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ ግን የዚያን ያህል አያረጅም። በ1311 የዴልሂ ሱልጣን የጦር አዛዥ ማሊክ ካፉር ማዱራይን ዘረፈ። ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ በከተማዋ ነጻ ሱልጣኔት ተቋቋመ፤ ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታም በ1340ዎቹ እዚያ ደርሶ ነበር። በ1371 ገደማ የቪጃያናጋራው ልዑል ኩማራ ካምፓና ከተማዋን ድል አድርጎ ያዘ። ይህን ዘመቻ በሳንስክሪት ግጥም የጻፈችው ሚስቱ ጋንጋ ዴቪ ናት። አሁን የምናየው አብዛኛው ግንባታ ከዚያ በኋላ፣ በተለይም በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የናያክ ገዢዎች ዘመን የተሠራ ነው።

የቤተ መቅደሱ ቅጥር ርዝመቱ 254፣ ወርዱ 237 ሜትር ያህል ነው። በውስጡና በዙሪያው 14 ጎፑራሞች ቆመዋል። ጎፑራም የበር ግንብ ነው። ከሥሩ በግራናይት ድንጋይ ይታነጻል፤ ክብደቱ እንዲቀንስ ከዚያ በላይ ያለው በጡብ ይሠራና በኖራ ምርግ ይለበጣል፤ ደርቡም ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየጠበበ በርሜል መሰል ጣሪያ ይደፋበታል። በምርጉ ላይ አማልክት፣ አጋንንት፣ ዘብ ጠባቂዎች፣ እንስሳት በደማቅ ቀለም ተጨናንቀው ይታያሉ። ከሁሉ የሚረዝመው በ1559 የተሠራው የደቡቡ ግንብ ነው፤ ቁመቱ 52 ሜትር ይጠጋል፤ ከ1500 በላይ ምስሎችንም ተሸክሟል። ጎኑ በቀጥታ አይወጣም፤ እንደ ተለመጠ ቀስት በስሱ ወደ ውስጥ ይጐብጣል። የዓይን ተመልካችን ወደ ላይ የሚስበውም ይህ ጕብጠት ይመስለኛል። ኖራና ቀለም ግን ዝናብ አይችሉምና በየአሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ ግንቦቹ ታድሰው እንደገና ይቀደሳሉ፤ በ2009 የተደረገው አንዱ ነው። ስለዚህ ከሩቅ «ጥንታዊ» የምንለው መልክ፣ ቅርጹ የአባቶች ሲሆን ቆዳው የልጆች ነው።

ጥንቱን በደቡብ ሕንድ ከፍ የሚለው የውስጡ መቅደስ ነበር። በ1010 ገደማ በታንጃቩር የተፈጸመው የቾላዎች ቤተ መቅደስ ከ60 ሜትር የሚበልጠው ማማው የቆመው በመቅደሱ አናት ላይ ነው። በማዱራይ ይህ ተገልብጧል፦ የውስጡ መቅደሶች በወርቅ የተለበጠ ዝቅ ያለ ጣሪያ ሲኖራቸው ውጭ ያሉት በሮች ሰማይ ይነካሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አሮጌው መቅደስ የተቀደሰ ስለ ሆነ መንካት አይፈቀድም፤ አዲስ የነገሠው ሁሉ ደግሞ ስሙን ማስጠራት ይፈልጋል። የቀረው መንገድ በቅጥር ላይ ቅጥር፣ በበር ላይ በር መጨመር ነበር። የምሥራቁ ግንብ በ13ኛው መቶ ዘመን በፓንዲያዎች ሲሠራ፣ የሰሜኑ በጅምር ቀርቶ «መላጣው ግንብ» ሲባል ኖሮ የተፈጸመው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው።

ከበሩ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ሰው ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ጨለማ ይገባል። ብዙ ሰው የሚገባው በምሥራቅ በኩል በአሽታ ሻክቲ አዳራሽ ነው፤ በዐምዶቹ ላይ የእንስት አምላክ ስምንት መልኮች የተቀረጹበትን ይህን አዳራሽ ያሠሩት የቲሩማላይ ናያክ ሁለት ሚስቶች ናቸው። ቀጥሎ የወርቅ ሎተስ የተባለው ኩሬ አለ። የጥንት የታሚል ባለቅኔዎች ማኅበር ድርሰት የሚመዘነው በዚህ ኩሬ ነበር ይላል ትውፊቱ፤ የረባው ይንሳፈፋል፣ ያልረባው ይሰጥማል። ለሥነ ጽሑፍ ሐያስያን የሚያስቀና ዳኛ ነው!

በ1569 የቪሽዋናታ ናያክ የጦር መሪና ሚኒስትር የነበረው አሪያናታ ሙዳሊያር ያሠራው የሺህ ዐምድ አዳራሽ በእውነቱ 985 ዐምዶች አሉት። ዐምዶቹ ከግራናይት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ፊት ለፊታቸው ላይ ፈረሰኞች፣ ጨፋሪዎች፣ ልጅ የታቀፉ እናቶች፣ የአንበሳ አካል የዝሆን ኩምቢ ያላቸው አውሬዎች ይታያሉ። በሰሜኑ ግንብ አጠገብ ደግሞ ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍለው ሲመቱ የተለያየ ድምፅ የሚሰጡ ዐምዶች አሉ። ድንጋዩን እንዲህ ያዜመው ጠራቢ ማን እንደ ሆነ ጽሑፍ አልቀረለትም፤ የተጻፈው የከፈለው ሰው ስም ነው። በሌላ አዳራሽ ባለ ዐምድ ላይ ቪሽኑ የእኅቱን የሚናክሺን እጅ ለሺቫ ሲሰጥ ተቀርጿል።

ይህ የሠርግ ምስል ፖለቲካም አለበት። ከ1623 እስከ 1659 የገዛው ቲሩማላይ ናያክ የሚናክሺን ሠርግ በዓል ከማሲ ወር ወደ ቺቲራይ አዛወረው። በቺቲራይ ከከተማ ውጭ ካለው ኮረብታ የሚነሣው የቪሽኑ አምሳል አላጋር፣ የገጠር ሕዝብ አጅቦት ወደ ቫይጋይ ወንዝ የሚወርድበት በዓል ነበር። ሁለቱ በዓላት ሲጋጠሙ የሺቫና የቪሽኑ አምላኪዎች፣ ከተሜውና ባላገሩ በአንድ ሰሞን በአንድ ከተማ ተገናኙ። ሕዝቡም የራሱን ታሪክ ፈጠረለት፦ ወንድም ለእኅቱ ሠርግ ሲመጣ ዘግይቶ ደረሰ፤ ሠርጉ ማለፉን ሰምቶ ተቈጥቶ ከወንዙ ተመለሰ። ገዢው ሁለቱን ሊያስታርቅ ቢሞክርም፣ ባላገሩ አላጋርን እስከ አዳራሹ አላስገባውም ማለት ነው።

አላጋር በወንዙ ሲመለስ፣ በዚያው አገር ከበሩ የሚመለሱ ሰዎችም ነበሩ። «የማይነኩ» ተብለው የተገለሉት ወገኖች፣ እንዲሁም ከዘንባባ ዛፍ መጠጥ በመቅዳት ይታወቅ የነበረው የናዳር ሕዝብ፣ ቅጥሩን እንዳያልፉ ተከልክለው ኖረዋል። የግንቡን አናት ከሩቅ ማየት ብቻ እልፍ ጽድቅ ያስገኛል የሚል የታሚል አባባል አለ። ለተፈቀደለት ሰው ይህ የበረከት ጭማሪ ነው፤ ለተከለከለው ግን ድርሻው ሁሉ ያችው ነበረች። ያ 52 ሜትር ለአንዱ መግቢያ፣ ለሌላው መጨረሻ ነበር።

ጁላይ 8 ቀን 1939 የታሚል ናዱ የሃሪጃን አገልግሎት ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት የብራህማን ተወላጅ ኤ. ቫይድያናታ አየር፣ አምስት ሃሪጃኖችንና አንድ ናዳርን ይዘው ወደ ቤተ መቅደሱ ገቡ። ከገቡት አንዱ ኋላ የማድራስ መንግሥት ሚኒስትር የሆኑት ፒ. ካካን ናቸው። አንዳንድ ካህናት ቤተ መቅደሱ ረከሰ ብለው አገልግሎት አቋረጡ፤ ነገሩም ወደ ክስ አመራ። በራጃጎፓላቻሪ ይመራ የነበረው የማድራስ መንግሥት በዚያው ዓመት መግባትን የሚፈቅድና ያስገቡትን ከክስ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። ሃሪጃኖች ካልገቡበት አልገባም ብለው የቆዩት ጋንዲ በ1946 ገብተው ተሳለሙ። በ1950 የጸናው የሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 ሰውን «የማይነካ» ማለትን ጨርሶ ሻረ።

በፌብሩዋሪ 2018 በምሥራቅ በኩል ባለው በቪራ ቫሳንታራያ አዳራሽ ውስጥ ከነበሩት ሱቆች እሳት ተነሥቶ የድንጋይ ዐምዶችና ጣሪያ ጐዳ። ግራናይት እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃልና የተቃጠለውን በአዲስ ድንጋይ ለመተካት ጠራቢዎች እንደገና ተፈለጉ።

ከውጭው በር ያለፈው ጥያቄ ግን ወደ ውስጠኛው ክፍል ዘለቀ፤ አረንጓዴ ድንጋይ የሆነችው ሚናክሺ በመብራት ጭላንጭል ወደ ቆመችበት፣ ካህን ብቻ ወደሚገባበት ክፍል። በ1970 የታሚል ናዱ ምክር ቤት ክህነት ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉን የሚሽር ሕግ አወጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 ሕጉን ቢያጸናም የአምልኮ ደንቦቹ እንዲጠበቁ አዘዘ፤ በዚህም ምክንያት ከሌላ ወገን ካህን መሾም ለብዙ ዓመታት አከራከረ። በኦገስት 2021 የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ከልዩ ልዩ ወገን የተውጣጡ፣ ትምህርቱን የተማሩ ሰዎችን በሚያስተዳድራቸው ቤተ መቅደሶች በካህንነት ሾመ። በ2023 ደግሞ ከሠልጣኞቹ መካከል ሦስት ሴቶች ትምህርታቸውን ጨረሱ።