ጾምና ፍስክ በምሥራቅ ጎጃም፤ ከካንሰር የዳነ ሰው ስለሚበላው ቅባት

ከብቸናና ከሞጣ አገር በካንሰር ታሞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በደጀን ቁልቁለት ወርዶ የዓባይን ድልድይ ይሻገራል፤ የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበርና። ድኖ በዚያው ድልድይ ሲመለስ ቤተ ዘመድ ሰውነቱ እንዲጠገን ብሎ በቅቤ የራሰ ገንፎ ያቀርብለታል። ይህ ከፍቅር የመጣ ልማድ ነው፤ ነገር ግን የአገሩ ገበታ ከቅቤ ሌላም ታሪክ እንዳለው ለማሳየት እንሞክራለን።

የጎጃም ገበታ ከጥንት ጀምሮ በሁለት የተከፈለ ነው። በፍስክ ቅቤ፣ በጾም ደግሞ የኑግ ዘይት፣ ተልባና ሱፍ ይበላል። በረቡዕና በዓርብ፣ በሁዳዴ 55 ቀንና በፍልሰታ 15 ቀን የሚለወጠው ቅባቱ ብቻ አይደለም፤ ሥጋውና ወተቱ ቀርቶ ሽሮው፣ ክኩና ባቄላው ይበዛል።

የሕክምና ሊቃውንት ወደዚህ ነገር የደረሱት ዘግይተው ነው። በኡጋንዳ ይሠራ የነበረው ሐኪም ዴኒስ በርኪት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971፣ በአፍሪካ ገጠር የትልቁ አንጀት ካንሰር ያልበዛው ሕዝቡ አሠር ያለው ምግብ ስለሚበላ ነው የሚል አሳብ አቀረበ። በ2015 በታተመ ጥናት ደግሞ ኦኪፍና ባልደረቦቹ 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ሰዎች የምግባቸውን ዓይነት ለሁለት ሳምንት እንዲለዋወጡ አደረጉ። ስቡ በዝቶ አሠሩ ባነሰባቸው አፍሪካውያን፣ የአንጀት ባክቴሪያዎች ከሐሞት የሚሠሩትና በካንሰር የሚጠረጠረው አሲድ ጨመረ፤ በአሜሪካውያኑ ግን ቀነሰ፤ የአንጀትን ግድግዳ የሚመግበው ቡቲሬትም ከፍ አለ። ሁለት ሳምንት ማለት የፍልሰታ ጾም ያህል ነው።

በ2023 ከቴክሳስ የወጣው ጥናት ወደ ዳኑት ሰዎች ይበልጥ ይቀርባል። በትልቁ አንጀት ካንሰር ወይም በፖሊፕ ታመው የነበሩ ወፍራም ሰዎች ለ8 ሳምንት በየቀኑ አንድ ኩባያ ቦሎቄ ቢበሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በረከቱ፤ ቦሎቄው ሲቆም ግን ለውጡ ብዙ ሳይቆይ ደበዘዘ።

ከዚህ ተነሥተን ቅቤ መርዝ ነው፣ ጾምም ካንሰርን ያድናል አንልም። የ2015ቱ ጥናት ስቡንና አሠሩን አንድ ላይ ስለለወጠ የሁለቱን ድርሻ ለይቶ አያሳይም፤ የታመመ ሰው ከጾም ነጻ መሆኑም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የታወቀ ነው። የምንለው ይህ ነው፦ ጥቅሙ ምግቡ እስካለ ድረስ ብቻ የሚቆይ ከሆነ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ለተመለሰው ሰው ከቅቤው ጎን ሽሮውና ባቄላው መጥፋት የለባቸውም። ምርምሩም ከገዛ አገራችን ገበታ ቢጀምር መልካም ነው እንላለን።