ጉቶውና መዝገቡ

ሁምቦ ወላይታ ውስጥ፣ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ወረዳ ነው። ተራራው ተመናምኖ ተመናምኖ ራሰ በራ ሆኖ ነበር። ዛፉ ሲያልቅ ሰው ወደ ጉቶው ዞረ፤ ጉቶው እየተቆፈረ ለማገዶና ለከሰል ወጣ። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ አፈሩን ይዞ እርሻ ላይ ይወርዳል፤ ምንጩም ደረቀ። በኋላ የሆነውን በአጭሩ ንገረኝ ብትሉኝ «ሁምቦዎች አየር ሸጡ» እላችኋለሁ። አጭር ነው፤ ግን ዋናውን ነገር ይደብቃል።

ነገሩ የጀመረው ኒጀር ውስጥ ነው። ቶኒ ሪናዶ የተባለ አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ውሎቹም የተጻፉት በሱ ነው) እዚያ ችግኝ ይተክል ነበር። የተከለው አብዛኛው ይደርቅበታል። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል፣ እንደ ተራ ቁጥቋጦ ሲያልፈው የኖረው ነገር የተቆረጠ ዛፍ ማቆጥቆጥ መሆኑን አስተዋለ። ሥሩ አልሞተም። እንግዲህ መትከል ሳይሆን መምረጥ ነው የሚያስፈልገው፦ ከአንድ ጉቶ ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹን ማስቀረት፣ ሌላውን መመልመል፣ ከብት እንዳይደርስበት መጠበቅ። ወርልድ ቪዥን ይህንኑ ዘዴ ሁምቦ ሲያመጣው 2,728 ሄክታር ተከለለ። ከበቀለው ደን እጅግ የሚበዛው ከዚያው ከጉቶው የተነሳ ነው።

በወረቀት ሲታይ ቀላል ነው። ገበሬው ግን ከብቱን የት ያሰማራ? እንጨቱን ከየት ያምጣ? መልሱ ሣሩን እያጨዱ መውሰድ፣ የተመለመለውን ጭራሮ ለማገዶ ማዋል ሆነ። ከዚህ የባሰው ግን ፍርሃቱ ነበር። ብዙ ሰው «መሬቱን ሊወስዱብን ነው» ብሎ ጠረጠረ።

ይህን ፍርሃት እንደ አላዋቂነት የሚያዩ አሉ። እኔ አላየውም። በደቡብ ኢትዮጵያ መሬት ለመለካት የመጣ ሰው ታሪክ አለው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቃላድ የተለካ መሬት ለሹም፣ ለነፍጠኛና ለባላባት ሲከፋፈል፣ ሲያርሰው የኖረው ሰው በገዛ ቀዬው ጭሰኛ ሆኗል። በ1975 አዋጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ መሬቱ ግን የመንግሥት ሆነ። ገመድ ይዞ የመጣ ሰው ሰጥቶ ሲሄድ ያላየ ገበሬ፣ አየሩን ልለካልህ ብሎ የመጣውን ቢጠራጠር ምን ይገርማል?

ስለዚህ ለእኔ የሁምቦ ታሪክ እምብርት ካርበኑ አይደለም። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብት በሰነድ ማግኘታቸው ነው። ደኑን የሚጠብቀው፣ ሣሩን የሚያካፍለው፣ ገንዘቡንም የሚቀበለው ማኅበሩ ሆነ። ይህ ባይኖር ጉቶው ቢያቆጠቁጥም በሚቀጥለው ክረምት ይቆረጥ ነበር።

ፕሮጀክቱ በዲሴምበር 2009 በኪዮቶው ስምምነት የንጹህ ልማት አሠራር ተመዘገበ፤ በአፍሪካ በትልቅ ደረጃ ደን መልሶ በማልማት የመጀመሪያው ነበር። በ30 ዓመት 880 ሺ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚይዝ ተገመተ። የዓለም ባንክ ባዮካርበን ፈንድ 165 ሺውን ቶን ከ700 ሺ ዶላር በላይ ሊከፍልበት ተዋዋለ። ቶኑ 4 ዶላር ከምናምን ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍያ በ2010 መጣ። ማኅበራቱ ከሠሩባቸው ነገሮች የእህል ወፍጮና ጎተራ ይገኙበታል።

አሁን የመዝገቡን ሕግ እንይ። መሬቱ ዲሴምበር 31 ቀን 1989 ላይ ደን ያልነበረበት መሆኑ መረጋገጥ ነበረበት። ምክንያቱ ይገባል፤ ዛሬ ቆርጦ ነገ እየተከለ የሚሸጥ እንዳይመጣ ነው። ግን ከሁምቦ ብዙም ሳይርቅ ጌዴኦ አለ፤ እንሰቱን፣ ቡናውንና ትልልቁን ዛፍ ደራርቦ የኖረ። ወዲያ ደግሞ ኮንሶ በድንጋይ እርከኑ አፈሩን ይዞ አለ። ዩኔስኮ ኮንሶን በ2011፣ ጌዴኦን በ2023 መዘገባቸው። በካርበኑ መዝገብ ግን ያልጠፋ ነገር ተመለሰ አይባልም፤ ዛፉን ያልቆረጠ ሰው በዚህ ሕግ የሚሸጠው የለውም።

ሌላም አለ። ዛፍ ሊቃጠል፣ ሊቆረጥ ይችላል ተብሎ በኪዮቶው ሥርዓት ለደን የሚሰጠው ክሬዲት ጊዜያዊ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ የገዛው ሰው በሌላ መተካት አለበት። የአውሮፓ የልቀት ገበያ ደግሞ የደን ክሬዲት ጨርሶ አልቀበልም አለ። ትልቁ ገበያ ተዘጋ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን አሜሪካኖች ሌላ መንገድ ሞከሩ። በ2003 የተከፈተው የቺካጎ የአየር ንብረት ገበያ ሳያርሱ ለሚዘሩ ገበሬዎች ይከፍል ጀመር፤ ያልታረሰ አፈር ካርበኑን ይይዛል በሚል። አፈሩ ግን በየማሳው አልተለካም። በሠንጠረዥ ነው የተሰላው፦ እዚህ አካባቢ ለአንድ ኤከር ይህን ያህል። ከብዙ ዓመት በፊት ማረስ የተወ ገበሬም ገብቶ ተከፈለው። ቶኑ በ2008 ከ7 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ በ2010 ወደ 5 ሳንቲም ወርዶ ገበያው ተዘጋ።

ብሎክቼይን የመጣው እንግዲህ እምነት በጎደለበት በዚህ መስክ ላይ ነው። ለማያውቀው፦ የእቁብ ደብተር አስቡ። ደብተሩን አንድ ጸሐፊ ብቻ ከያዘው ሊደልዘው ይችላል። ቅጂው እያንዳንዱ አባል ቤት ካለ፣ አዲስ መስመርም አባላቱ ተያይተው ካልተስማሙ የማይጻፍ ከሆነ፣ መደለዝ አይቻልም። ያው ነው፤ ሰዎቹ በኮምፒውተር ተተኩ እንጂ።

ሬጀን ኔትወርክ የተባለው ድርጅት ይህን ደብተር ለአፈር አበጀሁ አለ። አውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ያለው የዊልሞት ከብት እርባታ ከብቱን ከመስክ መስክ እያፈራረቀ በማሰማራት አፈሩ ውስጥ አከማቸሁት ያለውን ካርበን በ2021 ማይክሮሶፍት በዚሁ በኩል ገዛ። ሆኖም በዚያው ዓመት የአውስትራሊያ ሳይንቲስቶች ስሌቱን ተቹ፤ የአፈር ካርበን በዝናብም ከፍና ዝቅ ስለሚል የታየው ጭማሪ ሁሉ ከግጦሹ መጣ ማለት ያስቸግራል አሉ። ልብ በሉ፣ መዝገቡን የነካው የለም። ክርክሩ መዝገቡ ላይ ከመጻፉ በፊት ስለሆነው ነገር ነው።

በ2021 ጥቅምት የሆነው ደግሞ ይብሳል። ቱካን የተባለ ፕሮቶኮል በቬራ መዝገብ የነበሩ ክሬዲቶች «ጡረታ» እየወጡ (ጥቅም ላይ ዋሉ ተብለው ተዘግተው ማለት ነው) በብሎክቼይን ላይ ቶክን ሆነው ዳግም እንዲወለዱ አደረገ። ክሊማዳኦ የተባለው ቡድን እነዚህን ቶክኖች እየሰበሰበ የራሱን ሳንቲም አወጣ፤ የሳንቲሙ ዋጋ በዚያው ሰሞን ከ3 ሺ ዶላር አለፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ጥቂት ዶላር ቀረ። ካርበንፕላን የተባለው የምርምር ድርጅት ሲመረምር፣ ወደ ብሎክቼይን ከገቡት ብዙዎቹ ዓመታት ያስቆጠሩ፣ ገዥ አጥተው የተቀመጡ ክሬዲቶች ሆነው ተገኙ። «ዞምቢ» አላቸው። ቬራ በሜይ 2022 ጡረታ በወጣ ክሬዲት ቶክን መሥራትን ከለከለ።

ብሎክቼይን የሚመልሰው ጥያቄ «መዝገቡን ማን ደለዘው?» የሚለውን ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አልንቀውም። አንድን ቶን ሁለት ጊዜ መሸጥ የእውነት በሽታ ነው። የሁምቦ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ ለካው ማን ነው? ስንት ነው ያለው? ከብቱ ገብቶ ቀንበጡን ሲበላ ማን ያባርራል? ሰው ማገዶ አጥቶ ምሳር ይዞ ሲመጣ ማን ምን ይለዋል? ይህን ኮምፒውተር አያየውም። የማይደለዝ መዝገብ ላይ የተጻፈ የተሳሳተ ቁጥር፣ የማይደለዝ ስህተት ነው። ሁምቦ ላይ ይህን ሥራ የሠሩት ጎረቤታቸውን በስሙ የሚያውቁ፣ ቢያጠፋ ጠርተው የሚቀጡት የማኅበር አባላት ናቸው፤ ሥራቸው ደግሞ በቶን አይቆጠርም።

ባዮካርበን ፈንድ የተዋዋለው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት 165 ሺ ቶን ለመግዛት ነበር። የፕሮጀክቱ ዘመን ግን 30 ዓመት ነው፤ ሥራው ከተጀመረበት ከ2006 ቢቆጠር እስከ 2036። ተራራው ሲከለል ከብት ይጠብቅ የነበረ የ10 ዓመት ልጅ ያን ጊዜ 40 ይሞላዋል።