«ከነወዙ»፦ የፈረንሳይ አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ሐረግ በአማርኛ

ከፓሪስ በስተሰሜን ባለው የሴንት-ዋን የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ቀለሙ የተላላጠ ቁምሳጥን ወይም ጠርዙ የጠቆረ መስታወት ላይ ዓይኑን የጣለ ገዢ ከነጋዴው አፍ ደጋግሞ የሚሰማት ሐረግ አለች፤ «ዳን ሶን ዡ»። ቃል በቃል ስትፈታ «በራሱ ጭማቂ» ናት። «ዡ» በፈረንሳይ ወጥ ቤት ሥጋ ሲጠበስ ከራሱ የሚወጣው ፈሳሽ ነው፤ ከፍራፍሬ የሚጨመቀውም በዚሁ ስም ይጠራል። በዕቃ ንግድ ውስጥ ግን ሐረጓ የምትናገረው ዕቃው ስላለበት ሁኔታ ነው። ከኖረበት ቤት እንደወጣ ያለ፣ እንደገና ያልተቀባ፣ በብርጭቆ ወረቀት ያልተፋቀ፣ ጨርቁ ያልተለወጠ፣ ቁልፉና ማጠፊያው ያልተነካ ማለት ነው። ስለ አሮጌ ቤትም፣ ስለ አሮጌ መኪናም ይባላል።

ለዚች ሐረግ የማቀርበው አማርኛ «ከነወዙ» የሚለውን ነው።

ወዝ የምንለው ከውስጥ ወጥቶ በላይ የሚታየውን ነው። የፊት ወዝ አለ፤ በጉልበቱና በላቡ የሚያድረውን ሰው ወዛደር ያልነውም ከዚሁ ቃል ተነሥተን ነው። የጅማ በርጩማ መቀመጫው ከእግሮቹ ይበልጥ የሚያብረቀርቀው፣ የመቋሚያ መያዣው የሚለሰልሰው ማንም ቫርኒሽ ስለቀባው አይደለም፤ የሰው ገላና የሰው እጅ ዘመን ሙሉ ስላወዛው ነው። ፈረንሳዮቹ ከወጥ ቤት የተዋሱት ሐሳብ እኛ ዘንድ ከገላ ተወስዶ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ሌሎች አማራጮችን አይቻለሁ። «እንዳለ» ብንል የሚገልጸው ሁኔታን ብቻ ነው፤ «ያልታደሰ» ብንል ደግሞ የጎደለ ነገር ያለ ይመስላል። «ከነወዙ» ግን ዕቃው ይዞት የመጣ ሀብት እንዳለና ያ ሀብት እንዳልተገፈፈ ይናገራል። አረባቡም አያስቸግርም፤ ወንበሯን ከነወዟ፣ በሮቹን ከነወዛቸው እንላለን።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሌላ ቃል ስላለ ልለየው። «ፓቲና» ከጣሊያንኛ ወደ ፈረንሳይኛ የገባ የሠዓሊዎች ቃል ነው። ፍሎረንሳዊው ፊሊፖ ባልዲኑቺ በ1681 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተመው የሥዕል ሙያ መዝገበ ቃላት፣ ፓቲና ዘመን በሥዕሎች ላይ የሚያለብሰው ጥቁረት እንደሆነና ጥቁረቱ አንዳንዴ ለሥዕሉ እንደሚበጀው ጽፏል። ፓቲና እንግዲህ የገጽታ ነገር ነው፤ «የዘመን ወዝ» ብንለው ያስኬዳል። ገጽታ በመሆኑም ሊሠራ ይችላል፤ ፈረንሳዮች ትናንት የተቀባውንና ሆን ተብሎ የተፈጋፈገውን ዕቃም «ፓቲኔ» ይሉታል። «ዳን ሶን ዡ»ን ግን ማንም ሊያመርተው አይችልም። ዕቃው ወይ ኖሯል፣ ወይ አልኖረም።

ይህ ልዩነት በይበልጥ የሚታየው ብዙ ሰው «የፈረንሳይ የፍቅር መኝታ ቤት» እያለ በሚመኘው ክፍል ውስጥ ነው። በጀርባው ሞላላ ክፈፍ ያለው ወንበር፣ እግሩ የተጠማዘዘ ኮመዲኖ፣ ከአልጋው በላይ የተንጠለጠለ ስስ ጨርቅ፣ ግራጫና ሐመር ሮዝ ቀለም ይታወሰናል። የተጠማዘዘው እግር የሉዊ 15ኛ ዘመን፣ ቀጥ ብሎ ቦይ ቦይ የወጣለት እግር ደግሞ የሉዊ 16ኛ ዘመን መለያ ነው። ነገር ግን ዛሬ ልብ የሚሰርቀው መልክ የቬርሳይ ቤተ መንግሥት መልክ አይደለም። በቬርሳይ ወርቁ ወርቅ ነው፣ ሐሩ ሐር ነው፤ ሁሉም ያንጸባርቃል። እኛ የወደድነው ያ ዕቃ፣ ወይም እሱን አይቶ የገጠር አናጺ የሠራው ዕቃ፣ ሁለት መቶ ዓመት ከኖረ በኋላ ያገኘውን መልክ ነው። የፍቅር ስሜቱ ከወዙ ነው የሚመጣው። ወዙን ገፍፎ ቅርጹን ብቻ ያስቀረ ሰው በእጁ የሚቀረው የተጠማዘዘ እግር ብቻ ነው።

መልኩን በፍጥነት ለማግኘት የተዘረጉ ሁለት መንገዶች አሉ። ሬቸል አሽዌል በ1989 በካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ሱቅ ከፍታ «ሻቢ ሺክ» የሚለውን ስያሜ አስለመደች፤ እንግሊዛዊቷ አኒ ስሎን ደግሞ በ1990 «ቾክ ፔይንት» የተባለውን፣ ዕቃውን ሳይፍቁ የሚቀቡትን ደብዛዛ ቀለም ገበያ ላይ አዋለች። ሁለቱም ብዙ ዕቃ ከመጣል አድነዋልና አከብራቸዋለሁ። ወዙ የጠፋ፣ ሦስት ጊዜ በዘይት ቀለም የተለበጠ ቁምሳጥን ቢቀባ የሚጎዳው የለም። ነገር ግን ያንኑ ብሩሽ ይዞ ከነወዙ ወደ ተገኘ ዕቃ መሄድ ትልቅ ጥፋት ነው። መቶ ዓመት የፈጀ ሥራ በአንድ ከሰዓት ይጠፋል፤ የሚመልሰውም የለም።

ዕቃው ከየት ይመጣል? በፈረንሳይ አሮጌ ዕቃ የመሰብሰብን ሥራ ያቆዩት ድሆች ናቸው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ «ሺፎንዬ» የሚባሉ፣ ሌሊት ሌሊት ጀርባቸው ላይ ቅርጫት አዝለው ቆሻሻ የሚለቅሙ ሰዎች ነበሯት። አዲስ አበባ «ቆራሌው» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩት ልጆች የእነሱ የሙያ ወንድሞች ናቸው። በ1883 ፓሪስ የምትገኝበት የሴን አውራጃ አስተዳዳሪ የነበረው ኤውዤን ፑቤል እያንዳንዱ ቤት ቆሻሻውን ክዳን ባለው ዕቃ እንዲያወጣ ሲያዝ ለቃሚዎቹ እንጀራቸው ተነካ። የአስተዳዳሪው ስም ለዘለዓለም የቆሻሻ ቅርጫት መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ በከተማዋ ዳርቻ የሰፈሩት ለቃሚዎች የዘረጉት ጉሊት ደግሞ አድጎ ዛሬ የሴንት-ዋን ገበያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በ1949 አባ ፒዬር ያቋቋሙት ኤማውስ የተጣለ የቤት ዕቃ እየሰበሰበ፣ ማደሪያ ያጡ ሰዎች በሽያጩ እንዲተዳደሩ አድርጓል። በኤማውስ አዳራሾች ውስጥ ከነወዙ የተቀመጠ ወንበር በቅናሽ ይገኛል፤ ገንዘቡም ተገቢ ቦታ ይደርሳል።

ፈረንሳዮች የእንግዳ ክፍልን «ሻምብር ዳሚ» ይላሉ፤ የወዳጆች ክፍል ማለት ነው። ለአሮጌ ዕቃ ከዚህ የተሻለ ክፍል አላውቅም። በየዕለቱ የሚኖርበት ስለሌለ የሚንገጫገጭ መሳቢያ አያሰለችም፤ ጠባብ ኮመዲኖም ለሁለት ሌሊት መጽሐፍና ብርጭቆ ውኃ ይበቃል። እንግዳውም ተኝቶ ዙሪያውን የሚያይበት ጊዜ አለው።

ለዚህ ክፍል ከሚሆኑት ዕቃዎች መካከል ስለ ፈረንሳይዋ የኖርማንዲ ቁምሳጥን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላውራ። ብዙ ጊዜ ለሙሽራ የሚሠራ ነበር፤ ከላዩ የተቀረጹት እርግቦች፣ የአበባ ቅርጫቶችና የስንዴ ዘለላዎች ፍቅርንና በረከትን የሚመኙ ናቸው። የሚገጣጠመው በእንጨት ችንካር ስለሆነ ሙሽራዋ ቤት ስትለውጥ ተፈታቶ ይጫናል። ይህ አሠራር ዛሬም ይጠቅመናል። ቁመቱ ከዛሬ ቤት ጣሪያ ስለሚበልጥ ብዙዎች እግሩን ወይም አክሊሉን በመጋዝ ይቆርጣሉ፤ ያሳዝናል። ችንካሮቹን ፈትቶ በሮቹን ብቻ መጠቀም ሲቻል ለምን ይቆረጣል? ሁለቱ በሮች ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ሲታሰሩ እርግቦቹ ከተኛው እንግዳ በላይ የሚሆኑበት የአልጋ ራስጌ ይወጣቸዋል። የቀረው አካል በጥንቃቄ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ አንድ ቀን ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው ሰው መልሶ ይገጥመዋል። የዕቃን ሥራ መለወጥን ፈረንሳዮች «ዴቱርኔ» ይሉታል፤ ከመንገዱ ማስቀየስ እንደ ማለት ነው። ከነወዙ ያለ ዕቃ ሥራው ሲለወጥ ደንቡ አንድ ነው፦ ዛሬ የተደረገው ነገ መፈታት መቻል አለበት። ብሎን ይፈታል፤ ኮላና መጋዝ አይፈቱም።

የመስኮት የእንጨት መዝጊያዎችም ለራስጌ ይሆናሉ። በደቡብ ፈረንሳይ ፀሐይ ያነጣችው ግራጫ ሰማያዊ ቀለም ፋብሪካ ሊያስመስለው ቢሞክር እንኳ አይደርስበትም።

አንሶላውን በተመለከተ፣ ገበያው በአሮጌ የተልባ እግርና የተልባ እግር ከጥጥ የተቀላቀለበት «ሜቲስ» አንሶላ ለምን እንደተሞላ ብዙ ሰው አያውቅም። ምክንያቱ እጥበት ነው። በገጠር ፈረንሳይ ትልቁ የልብስ እጥበት በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚደረግ፣ ጨርቁ በእንጨት አመድ ውኃ የሚዘፈዘፍበት የቀናት ሥራ ነበር። ስለዚህ ለወራት የሚበቃ አንሶላ ያስፈልግ ነበር፤ ልጃገረዶችም ከጋብቻ በፊት ደርዘን በደርዘን እያዘጋጁ የስማቸውን መነሻ ፊደሎች፣ አንዳንዴም ተራ ቁጥር በቀይ ክር ይጠልፉበት ነበር። ከእነዚያ አንሶላዎች ብዙዎቹ አንዴ እንኳ ሳይዘረጉ ቀርተዋል። ክብደት ስላላቸው መጋረጃ ሲሆኑ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፤ ከላይ በባለ ቀለበት መቆንጠጫ ብቻ ቢያዙ መቁረጥም መስፋትም አያስፈልግም። የጥልፉን ፊደሎች ወደ ክፍሉ ውስጥ አዙሯቸው።

በክፍሉ ውስጥ አንድ ባለ ሥዕል ጨርቅ ካስገባችሁ «ትዋል ደ ዡዊ» ይሁን። ፈረንሳይ ከ1686 እስከ 1759 የታተመ የጥጥ ጨርቅ አግዳ ነበር፤ እገዳው በተነሣ ማግስት፣ በ1760፣ ክሪስቶፍ-ፊሊፕ ኦበርካምፕፍ በቬርሳይ አጠገብ በዡዊ-ኦን-ዦሳ ማተሚያውን ከፈተ። በነጭ መደብ ላይ በአንድ ቀለም የታተሙ እረኞችና የገጠር ትዕይንቶች የክፍለ ዘመኑ ፋሽን ሆኑ። ፋብሪካው በ1843 ቢዘጋም ሥዕሎቹ እስከ ዛሬ እንደገና እየታተሙ ነው። ግድግዳ፣ መጋረጃ፣ የአልጋ ልብስ ሁሉ በአንድ ትዋል ሲሸፈን ክፍሉ ሆቴል ይመስላል ብዬ አምናለሁ። የደበዘዘ አንድ ቁራጭ በአንድ ትራስ ላይ ይበቃል።

መስታወት ሲገኝ ጥቁር ነጥቦቹን ለማስጠገን አትቸኩሉ። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የመስታወት ጀርባ የሚለበጠው በቆርቆሮ ማዕድንና በሜርኩሪ ቅይጥ ነበር፤ ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1835 ያገኘው የብር ልባጥ ነው ቀስ በቀስ የተካው። የጥንቱ መስታወት ፊትን በለሰለሰ ግራጫ ብርሃን ያሳያል፤ እንደገና ከተለበጠ ያ ብርሃን አይመለስም። ጀርባውን ግን አትፋቁት፤ ሜርኩሪ መርዝ ነው።

እዚህ ላይ ወዝና እድፍ እንዳይምታቱ ልጠንቀቅ። እድፍ መታጠብ አለበት። በሳሙና ውኃ ነክሮ አጥብቆ በተጨመቀ ጨርቅ ጠርጎ፣ ደርቆ ካደረ በኋላ የንብ ሰም ስስ አድርጎ መቀባትና በሱፍ ጨርቅ ማሸት ይበቃል። ጨርቁ ላይ ጥቁር የሚወጣው እድፉ ነው፤ እንጨቱ ላይ የሚቀረው ወዙ ነው።

ከነወዙ መቀበል የሌለብን ነገርም አለ። ፍራሽ አዲስ ይሁን። የድሮ የፈረንሳይ አልጋዎች ከዛሬው ጠባብና አጭር ስለሆኑ ፍራሹን በልክ ማሠራት ሊያስፈልግ ይችላል። የመብራት ሽቦም ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ የክሪስታል መብራት ውበቱ ከሽቦው አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው የእርሳስ ቀለም ነው። በፈረንሳይ ከ1949 በፊት የተሠራ መኖሪያ ቤት ሲሸጥ የእርሳስ ምርመራ ውጤት ማቅረብ ግዴታ ነው፤ አሜሪካ የእርሳስ ቀለምን ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው በ1978 ነው። የተላላጠ አሮጌ ቀለም ያለበትን በር በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈጋፈግ አቧራውን ለሳንባ ይሰጣል። ቀለሙ የሚረግፍ ከሆነና እንግዳው ሕፃን ይዞ የሚመጣ ከሆነ ዕቃው ከክፍሉ ይውጣ።

ቃሉ አማርኛ ገበያ ሲገባ፣ ለምሳሌ በመርካቶው የምናለሽ ተራ ሻጮች አፍ ላይ ቢለመድ፣ ፈረንሳይ የደረሰበት እንዳይደርስበት እፈራለሁ። በዚያ አንዳንድ ነጋዴ የተሰበረውንም፣ ግማሹ የጎደለውንም «ዳን ሶን ዡ» ብሎ ይሸጣል። ስለዚህ ከነወዙ ነው ሲሏችሁ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጡት፤ የማይታየው የታችኛው እንጨት ጥሬ መልኩን ይዞ፣ የሚታየው ገጽ ብቻ ወዝቶ መገኘት አለበት። ውስጡም ውጩም እኩል ቡናማ ከሆነ ተቀብቷል ማለት ነው። መበላቱን የምታዩት እጅ በሚነካበት ቦታ፣ በመያዣውና በበሩ ጠርዝ መሆን አለበት፤ እጅ በማይደርስበት ኋላ የተፈጋፈገ ነገር ካለ ጠርጥሩ። የነቀዝ ቀዳዳ ካያችሁ ነጭ ወረቀት ከሥሩ አንጥፋችሁ እንጨቱን ቀስ ብላችሁ አንኳኩ። ትኩስ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ ገና ውስጥ አለ፤ ሳይታከም ቤት አይግባ።