እንደራሴ፤ ለአሮጌ ኮምፒውተር አፍ የሚሆን

ማኪንቶሽ ፕላስ የተባለው የአፕል ኮምፒውተር ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ስክሪኑ 9 ኢንች፣ ያውም ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው ሜሞሪ 1 ሜጋባይት ነበር፤ ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ዌብ ገና ያልታሰበበት ዘመን ነው፤ ዛሬ የለመድነው የኔትወርክ ገመድ መሰኪያም የለውም። ይህንኑ ኮምፒውተር ዛሬ ኢንተርኔት ውስጥ አስገብተው ገጽ የሚያነቡበት ሰዎች አሉ። የሚያደርጉት ደስ ስለሚላቸው ነው፤ ደስታቸውም ይገባኛል። ዘመኑ አለፈ ተብሎ ጨርቅ የለበሰ ዕቃ ከዛሬው ዓለም ጋር ሲነጋገር ማየት ልብ ይነካል።

ማገናኘቱ ብዙ አያስቸግርም። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ባለው የሞደም መሰኪያ ላይ፣ ሲግናሉን በሚያስማማ ገመድ በኩል፣ እንደ ራስበሪ ፓይ ያለች መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ትቀጠላለች። ሌላው ዘዴ የዋይፋይ ሞደም ነው። አሮጌው ኮምፒውተር እንደ ድሮው ስልክ የሚደውል መስሎት «ኤቲዲቲ» የሚለውን ትእዛዝ ይሰጣል፤ ሞደሙ በስልክ ቁጥር ፋንታ የኢንተርኔት አድራሻ ይቀበልና በዋይፋይ ከተገናኘ በኋላ መስመሩ መያዙን ያበስረዋል። ኮምፒውተሩ የስልክ መስመር የሚባል ነገር እንደሌለ አያውቅም።

ጭንቁ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የዛሬ ድረ ገጾች አብዛኞቹ የሚነጋገሩት በምስጢር ቁልፍ እያሸጉ ነው። የማሸጊያው ደንብ የቅርቡ እትም፣ ቲኤልኤስ 1.3፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ የ1990ዎቹ ብራውዘሮች የሚያውቁት ቀዳሚው ደንብ፣ ኤስኤስኤል 3.0፣ ደግሞ በ2015 እንዳይሠራበት ተወስኗል። ሌላም አለ። የመጀመሪያዎቹ ብራውዘሮች የሚፈልጉትን ድረ ገጽ ስም ለሰርቨሩ አይነግሩትም ነበር፤ አንድ አድራሻ ላይ የሚኖረው አንድ ድረ ገጽ ስለነበር መጥራት አላስፈለገም። ዛሬ በአንድ አድራሻ ብዙ ድረ ገጾች ተከራይተው ይኖራሉ። በሩ ላይ ቆሞ የማንንም ስም የማይጠራ እንግዳ የማን ቤት እንደመጣ አይታወቅለትም።

እዚህ ላይ ነው ፈረንጆቹ «ፕሮክሲ» የሚሉት ነገር የሚያስፈልገው። ፕሮክሲ በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ቆሞ፣ ስለ አንደኛው ሆኖ ከሌላው ጋር የሚነጋገር ፕሮግራም ነው። ዌብ በተወለደበት በሰርን የተጻፈው የሰርቨር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን አገልግሎት ይሰጥ ነበር፤ ያኔ የተፈለገው ከኔትወርክ ኬላ (ፋየርዎል) ጀርባ ሆነው በቀጥታ መውጣት ለማይችሉ ኮምፒውተሮች ነው። የማኪንቶሹ ፕሮክሲ ሥራ ግን ይሰፋል። ጥያቄውን በግልጽ ይቀበላል፣ በዘመኑ ደንብ አሽጎ ይልካል፣ መልሱ ሲመጣ ማኅተሙን ይፈታል፣ ጃቫስክሪፕቱንና ጌጡን ገፎ ጽሑፉን ብቻ ለሽማግሌው ያቀርባል።

ለዚህ በአማርኛ ምን እንበለው? ባለሙያዎቻችን «ፕሮክሲ» ብለው ይሄዳሉ። በአንዳንድ የሶፍትዌር ትርጉሞች «ተኪ» የሚል አይቻለሁ። ይህ ቃል አይመቸኝም፤ የተተካ ሰው ቦታውን ለቋል፣ ማኪንቶሹ ግን ቦታው ላይ ነው፤ የሚጠይቀውም የሚያነበውም እሱ ነው። «ተላላኪ» ደግሞ ያንሳል። ተላላኪ የሰጡትን ያደርሳል እንጂ ደብዳቤ ከፍቶ እንደገና አይጽፍም። «አፈ ንጉሥ» ለአፍታ አጓጉቶኝ ነበር፤ ንጉሡን ሆኖ የሚናገር አፍ ማለት ነውና። ነገር ግን ቃሉ የዳኝነት ሹመት ሆኖ ስለኖረ ሐሳቡን ወደ ችሎት ይወስደዋል።

እኔ የምመርጠው «እንደራሴ»ን ነው። እንደ ራሴ፦ እሱ የተናገረው እኔ እንደተናገርኩት ይቆጠር። በ1909 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሲባሉ ንግሥት ዘውዲቱ ከዙፋናቸው አልወረዱም፤ በስማቸው የሚሠራ ሰው ቆመ እንጂ። የሕዝብ እንደራሴ የምንለውም በዚሁ መንገድ ነው። ለፕሮግራሙ «እንደራሴ ሰርቨር»፣ ለድርጊቱ «በእንደራሴ መግባት» ብንል ሰሚው ሳይብራራለት ግማሹን ይረዳል።

ይህን ቃል የምወድበት ዋናው ምክንያት የአደራውን ክብደት መያዙ ነው። ተራ ፕሮክሲ የታሸገውን እንደታሸገ ሊያሳልፍ ይችላል፤ የአሮጌ ኮምፒውተር እንደራሴ ግን ማኅተሙን የግድ ይፈታል፣ ሁሉንም ያያል። ከእሱ እስከ ማኪንቶሹ ያለው መንገድም ያልታሸገ ነው። ስለዚህ እንደራሴው በገዛ ቤታችን፣ በገዛ ኔትወርካችን ውስጥ ይቀመጥ እንጂ የማናውቀው ሰው ደጅ ላይ አይሁን። የባንክ የይለፍ ቃል በዚህ መንገድ ፈጽሞ አይላክም፤ እንደራሴው ቤታችን ውስጥ ቢሆንም እንኳ።

አንድ ዓይነት እንደራሴ ደግሞ አለ፣ እኔን በተለይ የሚደንቀኝ። ገጹን በዘመናዊ ብራውዘር ራሱ ይከፍትና ስክሪኑን እንዳለ ሥዕል አድርጎ ይልካል። ዊንዶውስ 95 የተጫነበት፣ ኔትስኬፕ የተባለው የድሮ ብራውዘር ያለው ኮምፒውተር እናስብ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በእትም 3.0 ነው፤ ይህ ኮምፒውተር ከዚያ በፊት ስለተሠራ የዛሬን የአማርኛ ገጽ በቀጥታ ቢያገኝ ትርጉም የለሽ ምልክት ይደረድራል። በእንደራሴው በኩል ግን ፊደሉ ተስሎ ይመጣለታል። አንባቢው አንድ የአማርኛ ርዕስ ላይ ጠቅ ሲያደርግ ኮምፒውተሩ የሚልከው የተነካችውን ነጥብ ቦታ ብቻ ነው። በዚያ ነጥብ ላይ የትኛው ቃል እንዳለ የሚያውቀው እንደራሴው ነው፤ እሱ ይከፍትና አዲሱን ገጽ ስሎ ይልካል።