መዳፈን

እናቶች ማታ ፍሙን አመድ አልብሰው ያሳድራሉ፤ መዳፈን ይህ ነው። «ደፈነ» ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ «ዳፈነ» ግን ለነገ ማስቀመጥን ያዘለ ነው። አዲስ ቅዳም አካባቢም ዲከረንስ የተባለውን ግራር የሚያከስል ገበሬ ክምሩን በሣርና በአፈር የሚሸፍነው አየር እንዲያንሰው ነው። አፈሩ ከተሸነቆረ እንጨቱ ነዶ አመድ ይሆናል፤ ድካሙም አብሮ።

ደም የሚያፈልቁት ግንደ ሕዋሳት፣ ማለትም ስቴም ሴሎች፣ መቅኒ ውስጥ እንዲሁ ተዳፍነው ይኖራሉ። ኦክስጅን በሚያንስበት ስፍራ፣ የኃይል ማመንጫቸውን ማይቶኮንድሪያን ብዙም ሳያሠሩ፣ ስኳርን ያለ ኦክስጅን እየሰባበሩ ያደፍጣሉ። ስናረጅ የብዙዎቹ አመድ ይገለጣል፦ ማይቶኮንድሪያ ይከማቻል፣ ሜታቦሊዝማቸው ይጋጋላል። ቁጥራቸው ይበዛል፤ ደም የማፍለቅ አቅማቸው ግን ይዳከማል፣ በተለይ ሊምፎሳይት የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት መተካት ያቅታቸዋል። «እርጅና መቀዝቀዝ ነው» የሚለው የለመድነው አነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው።

በ2017 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ የአይጦች ጥናት ደግሞ ካረጁት ግንደ ሕዋሳት አንድ ሦስተኛ ያህሉን ማይቶኮንድሪያቸውን ራሳቸው እየበሉ፣ እንደ ወጣቶቹ ተዳፍነው አገኛቸው።