«ተጨማሪ 100 ሲሲ»፦ የኮሮላ የገበያ ስፍራ ከቶኪዮ እስከ ሸቤ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። አንድ መኪና በገበያ ውስጥ የሚይዘውን ስፍራ የሚወስነው ማን ነው? ሻጩ ወይስ ገዢው? የንግድ ታሪክ ጸሐፍት የኩባንያ መዛግብትን ስለሚመረምሩ ለሻጩ ያደላሉ። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከሸቤና ከመሰል የቡና ከተሞች ሆነን ስናየው ግን ይህ መልስ አይጸናም ብዬ እከራከራለሁ።

አስቀድመን ጃፓንን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1966 ኒሳን 988 ሲሲ ሞተር ያላትን ሰኒን ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዓመት በኅዳር ቶዮታ 1,077 ሲሲ የሆነችውን ኮሮላን አወጣ። የማስታወቂያው መልእክት አጭር ነበር፤ ተጨማሪ 100 ሲሲ። ትክክለኛው ልዩነት 89 ሲሲ ቢሆንም ገዢው የከፈለው ከጎረቤቱ ለመብለጥ ነበር። ቀደም ሲል የአውሮፕላን ንድፍ ባለሙያ የነበሩት ዋና መሐንዲሱ ታትሱኦ ሃሴጋዋ የማርሽ ዘንጉን ከመሪው አጠገብ አንሥተው ወለሉ ላይ አቆሙት። በጊዜው በጃፓን የወለል ማርሽ የጭነት መኪና ጠባይ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ቶዮታ ግን የስፖርት መኪና መለያ አድርጎ አቀረበው። ኒሳንም በ1970 የ1,200 ሲሲ ሰኒን ሲያወጣ፣ የጎረቤትን መኪና የምታሳንስ ናት ሲል አጸፋውን መለሰ።

በኢትዮጵያ ኮሮላን የጠበቃት ሌላ ባላንጣ ነው። ፊያት ከወረራው ዘመን የተረፈ ትልቅ ሀብት ነበረው፤ እርሱም ቋንቋ ነው። ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፤ የጋራዡ መዝገበ ቃላት ጣሊያንኛ ነበር። ፊያት 124 የተወለደችውም በዚያው በ1966 ሲሆን፣ ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት የተሠራችው ዘመዷ ላዳ የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆነች። የጃፓኗ መኪና እንግዲህ በተፎካካሪዋ ቋንቋ እየተጠገነች መኖር ነበረባት።

እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣችው አራተኛዋ ትውልድ ኮሮላ በሀገራችን የራሷን ስም አገኘች፤ ዲኤክስ። በቶዮታ መሰላል ላይ ዲኤክስ «ደሉክስ» ማለት ሲሆን፣ የስፖርት ማዕረግ ከተሰጣቸው ከነ ጂቲ በታች የሚገኝ መጠነኛ እርከን ነው። እኛ የእርከኑን ምልክት የመኪናዋ መጠሪያ አደረግነው። ወጣቶቻችንም ዝቅ አድርገው፣ ቀለም ቀይረው፣ ፋብሪካው ያልሰጣትን የስፖርት ማዕረግ ሰጧት።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው አሠራሯ ነው። ኃይሏን ከኋላ እግሯ የምታገኝ፣ ሞተሯ ለእጅና ለመፍቻ ክፍት የሆነ መኪና ናት። ከ1983 ወዲህ መደበኛው የኮሮላ ሴዳን ወደ ፊት እግር ጉተታ ሲዛወር ይህ ጠባይ ቀረ። ሁለተኛው የቡና ኢኮኖሚ ነው። የቡና ገንዘብ በወር ደመወዝ መልክ አይመጣም፤ ከለቀማው ወራት ጋር ይገባል። ክረምቱን ተሻግሮ ዋጋውን ሳይጥል የሚቆይ ንብረት ያስፈልጋል። በቀላሉ የምትጠገንና በማንኛውም ጊዜ ገዢ የማታጣ መኪና በጎማ ላይ ያለች ቁጠባ ናት። በቶኪዮ ፍጥነት ሆና የተሸጠችው፣ በቡና ከተሞች ዋስትና ሆና ተገዛች።

ይህ ታሪክ ዛሬም ያገባናል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎችም የየራሳቸውን ማስታወቂያ ይዘው መጥተዋል። እንደ ሸቤ ባሉ ከተሞች የሚጠየቁት ግን ያው ጥያቄ ነው፤ ማን ይጠግናታል? በስንት ትሸጣለች?

ስለዚህ ለታሪክ ተማሪዎቻችን አደራ አለኝ። የቶዮታ ማስታወቂያዎች በጃፓን ተጠብቀዋል። የመካኒኩ፣ የደላላውና የሾፌሩ ቃል ግን የትም አልተመዘገበም፤ ባለቤቶቹም እያረጁ ነው። መቅረጸ ድምፅ ይዛችሁ ወደ ጋራዦቹ ሂዱ። የገበያው ሌላኛው መዝገብ እዚያ ነው ያለው።