192,000 ነጥብ፦ ዩኒቨርሲቲ ከገበሬ ጋር ሲመራመር

የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ወደ ሕዝቡ መላክ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ለዲግሪ ከመብቃታቸው በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርደው እንዲያገለግሉ ደነገገ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ተመደቡ። ትልቅ ሥራ ነበር። እውቀቱ ግን የሚጓዘው በአንድ አቅጣጫ ነው፦ ተማሪው ያስተምራል፣ ሕዝቡ ይቀበላል።

ቀጣዩ እርምጃ ጅማ ላይ ታየ። በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ ማለትም የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ አንዱ መሠረት፣ ትምህርቱን ማኅበረሰብ ተኮር አደረገው። ተማሪዎች በቡድን ወጥተው የአካባቢውን የጤና ችግር ያጠናሉ፣ የቱ እንደሚቀድም ይለያሉ፣ አቅደው ይሠራሉ፣ ውጤቱንም ይገመግማሉ። ሰፈሩ ራሱ መማሪያ ክፍል ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ነዋሪው መጠይቅ ከመመለስ አልፎ አብሮ ሲመራመርስ? በ2017 የታተመ አንድ የስንዴ ጥናት እንይ። በትግራይ ሐገረ ሰላም እና በአማራ ክልል ገረገራ፣ በእያንዳንዱ ቦታ 30 ገበሬዎች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ 400 የስንዴ ዓይነቶችን ማሳ ላይ ገመገሙ። አብዛኞቹ ነባር የገበሬ ዘሮች ናቸው። ነጥብ የሰጡት በአራት ነገር ነው፦ ቶሎ መድረሱ፣ ዛላው፣ ከአንድ ሥር የሚያወጣው አገዳ ብዛት፣ እና አጠቃላይ ጥራቱ። በየቦታው እያንዳንዱ ዓይነት በሁለት መደብ ተዘርቷል። እስቲ አባዙት፦ 60 × 400 × 4 × 2። 192,000 ነጥብ!

ሁለት ጊዜ መዝራት ለምን አስፈለገ? ኢንጂነሪንግ ስንማር አዲስ መለኪያ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው "አንዱን ነገር ደግሞ ሲለካ ያው መልስ ይሰጣል ወይ?" ብለን ነው። የገበሬው ዓይንም በዚሁ ጥያቄ ሲፈተን ተራ "አስተያየት" መባሉ ይቀርና ዳታ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ጎን ለጎን አሥር ባሕርያትን በራሳቸው ለክተው ከገበሬዎቹ ነጥብ ጋር አነጻጸሩ።

የተገኘው ምንድን ነው? ለየትኛው ባሕርይ የበለጠ ክብደት እንደሚሰጥ በቦታና በጾታ ይለያያል። ስለዚህ "ምርጡ ስንዴ የቱ ነው?" የሚለው ጥያቄ ጎደሎ ነው፤ "ለማን? የት?" የሚል ይጨመርበታል። ይህን ሜትርም ሚዛንም አይነግራችሁም። ሁሉንም ነጥብ ደምረን አማካይ ብቻ ብንወስድ ደግሞ ልዩነቱ ይጠፋል።

እናም ወደ ማሳ የሚወጣ ወጣት ተመራማሪ ከስታቲስቲክስ እኩል ሊሠለጥንባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ ሙከራውን በሰው ቋንቋ ማስረዳት፣ የሴቶችን ድምፅ ለይቶ መስማት፣ ያልተስማሙበትን እንደ ስህተት ሳይሰርዙ መመዝገብ፣ ውጤቱን ይዞ መመለስ። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ብንሳሳት ነገ እንደግመዋለን። የማይሆን ዘር የደረሰው ገበሬ ግን የሚደግመው በሚቀጥለው ክረምት ነው፤ እስከዚያ ቤተሰቡ መብላት አለበት።